ሶፍ ዑመር ዋሻ ዩኔስኮ መመዝገብ ያለበት ለምንድን ነው?

ተጓዥ፦
ሰላም ቤቶች። የባሌ ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲመዘገብ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሶፍ ዑመር ግን እዚያው ባሌ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጊዜያዊ ዝርዝር (ገና ያልተመዘገቡ ዕጩዎች የሚቆዩበት) ላይ ነው። ጓደኛዬ «ዋሻ በየአገሩ ሞልቷል፣ ይሄ ምን የተለየ አለው?» ይለኛል። «ያምራል» ከማለት ያለፈ መልስ ያላችሁ?

የባሌ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ልዩ የሚያደርገው ወንዙ ነው። ወይብ ከተራሮቹ ወርዶ የኖራ ድንጋዩ ሆድ ውስጥ ይገባና በሌላ በኩል ይወጣል፤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መተላለፊያ የቦረቦረው ራሱ ውሃው ነው። የዓምዶቹ አዳራሽ ስትደርስ ምሰሶዎቹን ግንበኛ ያቆማቸው ይመስልሃል፤ ግን ማንም አላቆማቸውም፣ ውሃው ዙሪያቸውን በልቶ የተዋቸው ናቸው። ሥራውም አላለቀም። ወንዙ ሲሞላ ገብቶ ማቋረጥ አይታሰብም።

ኡሚ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። ድንጋዩን ብቻ አታውሩ እንጂ! ሼህ ሶፍ ዑመር ዋሻውን መስጊድ አድርገውት እንደነበር ይነገራል፣ እስከ ዛሬም ሰው ለዚያራ ይመጣል። ለዚህም ነው በተፈጥሮም በባህልም የታጨው። ያለ አጥር እዚህ የደረሰው ሰው ስለሚያከብረው ነው። የአካባቢውን ሰው ገፍተው ትኬት መቁረጫ ብቻ የሚያደርጉት ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ምዝገባው ይቅርብን።

ደን ወዳድ፦
ኡሚ ልክ ነሽ። እኔ የምጨምረው፣ ውበትና ታሪክ ብቻውን አያስመዘግብም። ቦርኒዮ ደሴት ላይ ያለውን የማሌዥያን ጉኑንግ ሙሉ ፓርክ እዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመዘገበ ነው። ሳራዋክ የሚባለው የዋሻ አዳራሹ 600 ሜትር ርዝመት፣ 415 ሜትር ወርድ አለው፣ ጉድ ነው! ግን የሚጠበቀው ዋሻው ብቻ አይደለም፣ ከላዩ ያለው ደንም አብሮ ነው፤ ሲመሽ ከዋሻው እየጎረፉ የሚወጡት የሌሊት ወፎች የሚበሉትን የሚያገኙት እዚያ ነውና። የእኛም ነገር ያው ነው። ላይ ደኑ ከተመነጠረ ወይብ ጭቃውን ተሸክሞ የሚደፋው ዋሻው ውስጥ ነው። ዩኔስኮም ወሰኑ የት ድረስ ነው፣ በሕግ የሚጠብቀው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ተጓዥ፦
ታዲያ ተራሮቹ ከተመዘገቡ ወንዙም ተጠበቀ ማለት አይደል?

ደን ወዳድ፦
ምንጩ አዎ። ከፓርኩ እስከ ዋሻው ባለው መንገድ ግን ግራ ቀኙ የስንዴ እርሻ ነው። ስለ ወንዙ ዳርቻ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ የዩኔስኮን ውሳኔ አይጠብቅም።