ሃያ አንድ (ብላክጃክ)፦ መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ሰው ነው የሚያስበላን?

በሬሳ ዳር፦
ሰላም ለሰሜን ሸዋ ልጆች። ደብረ ብርሃን ላይ ኮንከር የሰለቻቸው ልጆች ሃያ አንድ ጀምረዋል፤ ክርክሩ ግን ከጨዋታው በልጧል። ከሜሪላንድ የመጣ እንግዳ ሦስት ነገር አስተምሯቸዋል፦ መጨረሻ የተቀመጠው ያለ ቦታው ካርድ ከሳበ ሁሉንም ያስበላል፤ አዳዩ አስ ካሳየ «ኢንሹራንስ» ግዙ፤ እንደ አዳዩ 17 እስኪሞላ ሳቡ። የትኛው ያስኬዳል? የካርታ ገበታስ እዚያ ሕጋዊ የሆነው መቼ ነው?

ጣርማ በር፦
አንዱም አያስኬድም።

መጨረሻ የተቀመጠው የሚስበውን ካርድ ማንም አላየውም። አዳዩን የሚያፈነዳውን (ከ21 የሚያሳልፈውን) ሊወስድ ይችላል፣ የሚያድነውንም እንደዚያው። ሰው ግን የተበላባትን ብቻ ይቆጥራል።

ኢንሹራንስ ማለት የመደብህን ግማሽ ጨምረህ «ከአስ ሥር ባለ 10 (10 ወይም ሥዕል ያለበት ካርድ) አለ» ብለህ መወራረድ ነው፤ 2 ለ 1 ይከፍላል። ላለመክሰር ከሦስት ካርድ አንዱ ባለ 10 መሆን አለበት። በአንድ እሽግ ካርታ የአዳዩ አስ ሲወጣ 51 ይቀራል፣ ባለ 10 የሆኑት 16 ናቸው፤ 31 በመቶ መሆኑ ነው። ኢንሹራንስ ላይ ከምታስይዘው 100 ብር በአማካይ ወደ 6 ብር ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርዶች ሃያ አንድ ይዘህም ቢሆን አትግዛ። 49 ካርድ ይቀራል፣ 15ቱ ባለ 10 ናቸው፤ ለእንዲህ ያለ እጅ 3 ለ 2 በሚከፍል ገበታ እምቢ ያለ በ100 ብር መደብ በአማካይ 104 ያገኛል፣ የገዛ 100 ብቻ።

እንደ አዳዩ መጫወት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። አዳዩ 28 በመቶ ያህል ይፈነዳል፣ አንተም እንደዚያው፤ ሁለታችሁም ስትፈነዱ ግን የምትበላው አንተ ነህ፣ ቀድመህ ስለሳብክ። ይህ ብቻውን 8 በመቶ ገደማ ነው። የ3 ለ 2 ክፍያው 2.3 ያህል ይመልስልሃል፤ የቀረው የቤቱ (የካዚኖው) ነው። በትክክለኛው ስልት የተጫወተ ሰው ግን የሚከፍለው ግማሽ በመቶ ገደማ ነው።

የጠራ ልጅ፦
ስለ ሕጉ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ኔቫዳ ቁማርን በ1931 ፈቀደች። ኒው ጀርሲ በ1976 በሕዝብ ድምፅ ለአትላንቲክ ሲቲ ብቻ ፈቀደች። ሜሪላንድ በሁለት እርምጃ ነው የሄደችው፤ በ2008 ሕዝቡ የቁማር ማሽኖችን ብቻ፣ በ2012 ካርታና ሩሌቱን አጸደቀ። ፔንስልቬንያም በ2004 ማሽን፣ በ2010 ገበታ። ማሽን አዳይ አይፈልግም፤ ገበታ ግን በየፈረቃው ደመወዝተኛ ስለሚፈልግ ግብሩም ከማሽን ያነሰ ነው፤ ሜሪላንድ ላይ 20 በመቶ።

እዚያው አካባቢ ሌላ ተረት አለ፦ ካርድ መቁጠር (የወጡትን ካርዶች እያስታወሱ መጫወት) ወንጀል ነው ይባላል። በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል አይደለም። ኔቫዳ ውስጥ ካዚኖው «ውጣልኝ» ሊልህ ይችላል፤ በኒው ጀርሲ ግን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ቆጣሪን ማባረር ከልክሏል። በመሣሪያ መቁጠር ኔቫዳ ውስጥ ያሳስራል። እኛ አገር ያለ ፈቃድ ቁማር ማጫወት ራሱ ወንጀል ነው፤ ልጆቹ በብር ከሆነ ይጠንቀቁ።

ጣርማ በር፦
«ሕጋዊ ከሆነ ክፍያው አንድ ነው» የሚሉትንም አትስማ። ገበታው ጨርቅ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 3 ለ 2 የሚለው በ100 መደብ 150 ይከፍላል፣ 6 ለ 5 የሚለው 120 ብቻ፤ ልዩነቱ የቤቱን ድርሻ በ1.4 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱም ፈቃድ ያላቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙዎች ለሃያ አንድ እኩል ነው የሚከፍሉት፤ ያኔ የሚያተርፈው አዳዩ ስለሆነ አዳይነቱ ይዙር።

በሬሳ ዳር፦
ተባረክ። በእጄ 12 ይዤ አዳዩ 2 ካሳየስ? 16 ይዤ 10 ካሳየስ?

ጣርማ በር፦
12 በ2 ላይ ሳብ። የሚያፈነዳህ ባለ 10 ብቻ ነው፣ 31 በመቶ ገደማ፤ አዳዩ በ2 የሚፈነዳው 35 በመቶ ያህል ስለሆነ ቆመህ አትጠብቀው። በ3ም ሳብ፤ በ4፣ በ5 እና በ6 ቁም።

16 በ10 ላይ ብትስብም ብትቆምም ተበላህ ማለት ይቀላል። ከ13ቱ ዓይነት 8ቱ ያፈነዱሃል፤ መሳብ በጥቂቱ ይሻላል። ግማሽ መደብ ሰጥቶ መውጣት የሚፈቅድ ገበታ ከሆነ ግን ሳታቅማማ ውጣ።