መደርደሪያን ወደ ባለስፖንጅ አግዳሚ ወንበር ለመቀየር፦ ምኑን ከየት መግዛት፣ ምኑን ለማን መስጠት ይሻላል?

ባለአንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ፣ ጫማና የልጆች መጫወቻ ተቀላቅሎ የሚቀመጥበት፣ ቁመቱ 150፣ ወርዱ 35፣ ጥልቀቱ 38 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለአራት ሣጥን የቺፑድ መደርደሪያ ነበረን። በሳሎኑ በአንደኛው ግድግዳ በኩል ሶፋ ቢቀመጥ በሩ ስለማይከፈት፣ ይህንኑ መደርደሪያ በጎኑ አጋድመንና ስፖንጅ አልብሰን አግዳሚ ወንበር አደረግነው። ሥራው ሲያልቅ ከሥሩ አራት የዕቃ ማስቀመጫ፣ ከላዩ ደግሞ ሁለት ሰው ዘና ብሎ፣ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ቦታ አገኘን። እናቴ መጥታ ስታየው «መደብ ሠራችሁ ማለት ነው?» አለች፤ እውነትም ከጭቃው መደብ የሚለየው አጎዛው በስፖንጅ መተካቱና ሆዱ ባዶ መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ለእህቴ፣ አንድ ደግሞ ለሥራ ባልደረባዬ አሠርቻለሁ። በሦስቱ ሥራዎች አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን አማራጮች አብዛኞቹን ስለሞከርኩ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው ሰዎች ይጠቅማል ያልኩትን እጠቁማለሁ።

ዋናው ምክሬ ሥራውን በሙሉ ለአንድ ሰው አለመስጠት ነው። እንጨቱን አናጺ፣ ስፖንጁን ስፖንጅ ሻጭ፣ ልብሱን ደግሞ ልብስ ሰፊ ቢሠራው፣ ምንም እንኳ መመላለሱ ቢያደክም፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ይታወቃል። ሁሉም ነገር በአንድ እጅ ሲያልፍ የሚጎድለው ሁልጊዜ ከጨርቁ በታች ያለው፣ ዓይን የማያየው ክፍል ነው። የብር ዋጋ ግን አልጠቅስም፤ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጨርቅም ሆነ የስፖንጅ ጥሬ ዕቃ ዋጋው ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ለሚቀጥለው ወር አንባቢ ማሳሳቻ ይሆናል። የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድ ግን እናገራለሁ።

በመጀመሪያ መደርደሪያው ራሱ ለዚህ ሥራ የሚሆን መሆኑ መታየት አለበት። ሣጥኖቹን የሚለያዩት ጣውላዎች በቪቴ ወይም በእንጨት ችንካር ከጎኑ ጋር የታሰሩ ከሆኑ፣ መደርደሪያው ሲጋደም እነዚያው ጣውላዎች ቆመው ምሰሶ ይሆናሉ፤ የሰው ክብደትም በቀጥታ በእነርሱ በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል። በትናንሽ መደገፊያዎች ላይ ብቻ የተቀመጡ፣ እንደ ፍላጎት ከፍና ዝቅ የሚደረጉ ዓይነት ከሆኑ ግን ሲጋደሙ ስለሚወድቁ ምሰሶ አይሆኑም፤ እንዲህ ያለውን መደርደሪያ ለመለወጥ ከመድከም አዲስ ማሠራት ይቀላል። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ40 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከ60 በላይ ከሆነ የቺፑድ ጣውላ ከጥቂት ወራት በኋላ መሐሉ መስመጥ ይጀምራልና ከሥሩ ሞራሌ (ወፍራም አራት ማዕዘን እንጨት) እንዲገባለት ያስፈልጋል። ከኋላ በትንንሽ ሚስማር የተመታው ስስ ጣውላም ለማስዋብ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ መደርደሪያው ወደ ጎን እንዳይንሻፈፍ የሚይዘው እርሱ ስለሆነ፣ ሚስማሮቹ ተነቅለው በቪቴ ቢተኩ ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት ከመንቀጥቀጥ ይድናል።

ከፍታውን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። አዋቂ ሰው ሲቀመጥ እግሩ ወለል እንዲነካ የመቀመጫው ከፍታ ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። የእኛ 35 የመደርደሪያው ወርድ፣ 3 ከሥሩ የገባው ማንሻ፣ 2 ገደማ ከላዩ የተነጠፈው ኮምፔንሳቶ (ፕላይውድ)፣ 8 ደግሞ ስፖንጁ ሆኖ 48 መጣ፤ ሰው ሲቀመጥበት ስፖንጁ ስለሚጨመቅ 46 አካባቢ ይሆናል። ማንሻውን ቸል ያለ ሰው በኋላ ይጸጸታል። ቤታችን በየቀኑ በውኃ ይወለወላል፤ ቺፑድ ደግሞ ጠርዙ ውኃ ከጠጣ አብጦ ይፈረፈራል፣ አንዴ ካበጠም አይመለስም። የላይኛውን ኮምፔንሳቶ ከመደርደሪያው ጥልቀት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል አስፍቶ ማስቆረጥም ይጠቅማል፤ 38 ሳንቲ ሜትር ለመቀመጫ ጠባብ ነው፣ 42 ሲሆን ጭን ያርፍበታል።

ለዚህኛው ክፍል የምጠቁመው በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ አጠገብ የሚገኙትን፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ የእንጨት ሥራ ወጣቶችን ነው። ሥራው ትንሽ ስለሆነ ትላልቆቹ የቤት ዕቃ መደብሮች ወይ አይቀበሉትም፣ ወይ የአዲስ ወንበር ያህል ይጠይቃሉ። የሰፈር አናጺ ግን ቤት ድረስ መጥቶ ይለካል፣ ነገ ቢንቀጠቀጥም ተጠርቶ ይመጣል። ኮምፔንሳቶውን፣ ቪቴውንና ኮላውን ከተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ራሴ ገዝቼ መስጠቱን መርጫለሁ፤ አንድ ሙሉ ጣውላ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ጎረቤት ወይም ዘመድ ተመሳሳይ ሐሳብ ካለው በጋራ መግዛቱ ያዋጣል። ሁለተኛው አማራጭ በርና መስኮት የሚሠሩት የብረታ ብረት ቤቶች ናቸው። ለባልደረባዬ ከቴሌቪዥን ማስቀመጫ የተሠራው ወንበር ምሰሶዎቹ ስለተራራቁ፣ ከሥሩ በቱቦላሬ የተበየደ ማዕቀፍ አስገባንለት፤ ከሦስቱም ጠንካራው እርሱ ነው፣ ይሁን እንጂ ለሁለት ሰው ሸክም የሚከብድ ሆኗል። ቤት ለሚከራይና በየጊዜው ለሚለቅ ሰው አልመክረውም።

ስፖንጁ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ሰው የሚታለለውም፣ ገንዘቡ የሚሄደውም በዚሁ ነው። ሻጮች «ዴንሲቲ» የሚሉት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። ለመቀመጫ ከ30 በታች ባይሆን ይመረጣል፤ ለጀርባ መደገፊያ 20 አካባቢ ይበቃል። በቃል «ሠላሳ ነው» ማለት ለማንም ቀላል ስለሆነ፣ እኔ አሁን ሚዛን ላይ ሳላስወጣ አልገዛም። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ 150 በ42 በ8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 0.05 ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ፣ ዴንሲቲው 30 ከሆነ አንድ ኪሎ ተኩል መመዘን አለበት። አንድ ኪሎ ብቻ ከመዘነ 20 ነው ማለት ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ቢምል። የአትክልት ሱቅ ሚዛን ለዚህ በቂ ነው፤ እኔም ያስመዘንኩት አጠገቡ ካለች ሽንኩርት ሻጭ ዘንድ ሲሆን፣ እርሷም ስፖንጅ በኪሎ ስትመዝን የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነግራኛለች። ይህ ግን ጥንካሬን አይለካም፤ ከባድ ሆኖ ለስላሳ ስፖንጅም አለና በተጨማሪ በጉልበት ተጭኖ ማየት ያስፈልጋል። ጉልበቱ ሥሩን ከነካ ለመቀመጫ አይሆንም።

የምንገዛበትን ቦታ በተመለከተ፣ ከሞከርኳቸው ሦስት መንገዶች አንደኛ የማደርገው የፍራሽ ፋብሪካዎች ራሳቸው የከፈቷቸውን መሸጫዎች ነው። ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ብዙዎቹ ግን በተሰጣቸው ልክ በማሽን ይቆርጣሉ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ስፖንጅ ደግሞ ልብሱ ሲለብስ ያምራል። ሁለተኛው ከመርካቶ ስፖንጅ ነጋዴዎች መግዛት ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ በቢላዋ ሲቆረጥ ግን አንዱ ጫፍ 8፣ ሌላው 7 ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል ሜትር ይዞ መሄድ ግድ ነው። እዚያው ከቁርጥራጭ ተጨፍልቆ የሚሠራ፣ መልኩ ዥጉርጉር የሆነ ጠንካራ ስፖንጅ ይገኛል። ብቻውን ሲቀመጡበት እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ ነገር ግን 5 ሳንቲ ሜትር እርሱን ከሥር፣ 3 ሳንቲ ሜትር ለስላሳውን ከላይ አድርጎ ማጣበቅ ከአንድ ወጥ ስፖንጅ የተሻለ መቀመጫ ይሰጣል፣ ወጪውም ይቀላል። ከሦስቱ ወንበሮች እኔ የምመርጠው በዚህ መንገድ የተሠራውን ነው። ሦስተኛው በምናለሽ ተራና በመሳሰሉት የሚሸጠው ያገለገለ ስፖንጅ ነው። ምናለሽ ተራን ለእንጨት፣ ለማጠፊያ፣ ለብረት እግር እወዳታለሁ፤ ስፖንጅ ግን የሰው ላብና ትኋን ይዞ ሊመጣ ይችላልና ቤቴ አላስገባውም።

ጨርቅን በተመለከተ፣ ለሶፋ ተብሎ የተሠራው ጨርቅ ወርዱ ብዙውን ጊዜ 140 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለእኛ ልክ 1 ሜትር ከ80 በቂ ሆኖ፣ በወርዱ በኩል የተረፈው ለጀርባ ትራሶች ዋለ። ከፋይ ሲገዛ ያምራል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ግን የእጅና የወጥ አሻራ ይዞ ይቀራል። ሌዘር የሚባለው ቆዳ መሳይ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ሆኖም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ይሰነጣጠቃል፣ በሙቀት ጊዜም ከሰውነት ጋር ይጣበቃል። እኔ የመረጥኩት ጠቆር ያለ፣ ድርና ማጉ የጠበቀ የሶፋ ጨርቅ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚገኘውን የሽመና ሥራ ለመቀመጫው ያሰቡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የሸማ ድር የላላ ስለሆነ በተቀመጡበት ቁጥር ይሳባል፣ ይሸበሸባል። ለትራስ ግን ከእርሱ የሚያምር አላየሁም፣ ጥለቱ በፊት ለፊት እንዲውል ሆኖ ሲሰፋ ቤቱን ያደምቀዋል። የትኛውም ጨርቅ ይመረጥ፣ ከሥሩ ስፖንጁን በአቡጀዲ ማልበስ ተገቢ ነው፤ የላዩ ልብስ ለመታጠብ ሲወልቅ ስፖንጁ አይቦጫጨቅም።

ልብሱን ለተራ ልብስ ሰፊ መስጠት ይቻላል፣ ማሽኑ ግን ወፍራም ጨርቅ አራት እጥፍ ሆኖ ሲመጣ መርፌ ይሰብራል። ስለዚህ የመኪና ወንበር ልብስ ወይም ሻንጣ የሚሰፉ ባለሙያዎችን እመክራለሁ፤ ክራቸውም ወፍራም ነው፣ ዚፕ ማስገባቱንም ያውቁበታል። ዚፑ በጀርባው በኩል በሙሉ ርዝመቱ ይግባ፤ አጭር ዚፕ የገባለትን ልብስ አውልቆ ስፖንጁን መመለስ የግማሽ ቀን ትግል ነው። ጨርቁን በኮምፔንሳቶው ላይ በስቴፕለር መምታት ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አይታጠብም።

ቤት ድረስ መጥተው ሶፋ የሚያድሱት ባለሙያዎችስ? ፍጥነታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ የእህቴን ወንበር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሱት። ዋጋውም ዝርዝሩ ሲደመር እኔ ተመላልሼ ካወጣሁት ብዙ አልራቀም። ቅሬታዬ ስፖንጁ ላይ ነው፤ «ሠላሳ ዴንሲቲ» ተብሎ የተከፈለበት ከስድስት ወር በኋላ መሐሉ ሲጎደጉድ ከፍተን ብናየው ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ተጣብቀው ነበር። ሁሉም እንዲህ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ጊዜ የሌለው ሰው እነርሱን ቢጠራ፣ ስፖንጁን ራሱ ገዝቶ ይጠብቃቸው፣ ሲለብስም አጠገባቸው ይቁም።

ዝግጁ የሚሸጠውን የዓረቢያን መጅሊስ ከዚህ ጋር የሚያወዳድሩ ብዙ ናቸው። ለሰፊ ሳሎንና ለብዙ እንግዳ መጅሊስ ይሻላል፤ ሆኖም ከወለል ብዙም ስለማይርቅ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሽማግሌዎች መነሣቱ ፈተና ነው፣ ከሥሩም ዕቃ አይገባም። እኛ ቤት እናቴ መጅሊሱን ትታ አግዳሚው ላይ የምትቀመጠው ለዚሁ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የኢኬያው ካላክስ ባለአራት ሣጥኑ 147 በ42፣ ጥልቀቱ 39 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለዚህ ሥራ ልኩ የሚመች ነው፤ ነገር ግን የጣውላው ውስጥ በአብዛኛው የማር እንጀራ በሚመስል ወረቀት የተሞላ በመሆኑ መሐሉ ላይ ቪቴ አይይዝም። ከላዩ ሙሉ ኮምፔንሳቶ አንጥፎ ክብደቱን ወደ ምሰሶዎቹ ማድረስ፣ ስፖንጁንም ከ6 ሳንቲ ሜትር አለማሳለፍ ይገባል።

ቡና የሚፈላበትን ቦታም ከወንበሩ ማራቅ ያስፈልጋል። ስፖንጅ እሳት ፈጥኖ የሚይዝ፣ ጭሱም መርዛማ የሆነ ነገር ነውና ከከሰል ማንደጃና ከዕጣን ማጨሻ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ማንደጃውን ከሥሩ ካሉት ሣጥኖች በአንዱ «በርዷል» ብሎ ማስቀመጥም ፈጽሞ አይገባም።

የእኛ ወንበር አሁን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት ልብሱን ለማጠብ ሳወልቅ ስፖንጁን ለካሁት፤ 8 የነበረው መሐሉ ላይ ሰባት ከግማሽ ሆኗል። የእህቴ በስድስት ወሩ 5 ደርሶ ነበር፤ እርሱም አሁን ዥጉርጉሩ ገብቶለታል።