ሉድቪግ፣ ሉዊ፣ ክሎቪስ፦ እውነት አንድ ስም ናቸው?

ጥያቄ
የጀርመኖቹ ሉድቪግ፣ የፈረንሳዮቹ ሉዊና የፍራንኮቹ (የጥንት ጀርመናዊ ሕዝብ) ንጉሥ ክሎቪስ ስማቸው አንድ ነው ይባላል። ክሎቪስ በ«ክ» ይጀምራል፤ ሉዊ ደግሞ «ድ»ም «ግ»ም የለውም። የት ሄዱ? ደግሞስ «ሉድ» ትርጉሙ «ዝነኛ» ነው ወይስ «ሕዝብ»? ሁለቱንም የሚሉ አሉ።

መልስ 1
አዎ፣ አንድ ናቸው። ስሙ ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፦ «ህሉድ» ዝነኛ፣ «ዊግ» ጦርነት። («ዊግ» ከእኛው «ውጊያ» ጋር መመሳሰሉ እንዲሁ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ዝምድና የላቸውም።)

ቁልፉ ያለው መነሻው «ህ» ላይ ነው። ፍራንኮች ከጉሮሮ ሻከር አድርገው፣ እንደ «ኽ» ነበር የሚሉት። የላቲን ጸሐፊዎች ለዚህ ድምፅ ፊደል ስላልነበራቸው በሁለት ፊደል ጻፉት፤ በኋላ የመጣ አንባቢ ያንን «ክ» ብሎ አነበበው። ክሎቪስ የተወለደው ከዚህ የላቲን አጻጻፍ ነው። ሉዊ ግን በሰው አፍ የኖረ ነው፦ መጀመሪያ «ህ» ወደቀ፣ በአናባቢዎች መካከል ያለው «ድ» ላልቶ ጠፋ፣ መጨረሻው ተቆረጠ። ጀርመንኛ የተወው «ህ»ን ብቻ ነው። ዛሬም «ድ»ን ወደ «ት» አጥብቆ፣ «ግ»ን በ«ኽ»ና በ«ሽ» መካከል አድርጎ ያነበዋል።

መልስ 2
«ሕዝብ» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዛሬው አጻጻፍ ስለሚነሱ ነው። በጥንቱ ጀርመንኛ «ሕዝብ» «ሊውት» ነው፤ ሊዮፖልድ ድሮ ሊውትፖልድ ነበር። ሉዶልፍም «ሉድ» ብሎ ቢጀምርም ጥንታዊ መልኩ ሊውዶልፍ ነው፣ ስለዚህ ከሉድቪግ ጋር አይዛመድም።

የማንኛውንም እንዲህ ያለ ስም ሥር ስትፈልጉ ጥንታዊውን ሰነድ አግኙ። ከ«ል» በፊት «ህ» ወይም «ክ» ካለ «ዝነኛ» ነው። ሰነዱ «ህ» ከወደቀ በኋላ የተጻፈ ከሆነ አናባቢውን እዩ፦ «ኢው» ካለ «ሕዝብ»፣ «ኡ» ወይም «ኦ» ብቻ ከሆነ «ዝነኛ»። ይህ የሚሠራው ግን ለጥንት ሰነድ ነው፤ በኋለኛው ዘመን «ኢው» ራሱ ወደ «ኡ» ስለጠበበ ሁለቱ ይደባለቃሉ።

ጠያቂው
ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ ክሎቪስ ለምን ሉዊ 1ኛ አልተባለም?

መልስ 1
ቆጠራው የሚጀምረው ከኋለኛው የፍራንኮች ንጉሥ ከሻርለማኝ ልጅ ነው። በ778 መንታ ወንዶች ሲወለዱለት ሉዊና ሎተር አላቸው፤ ሁለቱም የቀደመው የክሎቪስ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ስሞች ናቸው። ሎተር በሕፃንነቱ ሞተ፣ ሉዊ ነገሠ፣ 1ኛም እሱ ሆነ። ከ481 እስከ 511 የገዛው ክሎቪስና ስሙን የወረሱት የራሳቸው ቁጥር አላቸው።

መልስ 3
ስለ ዝርያዎቹ ልጨምር። ጣሊያንኛ ሁለት አለው፤ ሉዊጂ በአፍ የተሞረደው ነው፣ ሉዶቪኮ ከመጽሐፍ ላቲን የተወሰደው። ደችኛ ሎደቬይክ፣ ፖላንድኛ ሉድቪክ፣ ስፓኒሽ ሉዊስ ይላሉ። ጨርሶ የማይመስለው የሃንጋሪው ላዮሽ ነው።

እንግሊዝኛው ሉዊስ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዌልስ ብዙ ጊዜ ሊወሊን የተባለውን የአገሩን ስም ተክቶ የገባ ነው፤ ያ ደግሞ ከጀርመናዊው ሥር ጋር አይገናኝም። የዌልስ ቤተሰብ የምታጠኑ ከሆነ ሥሩን ከመወሰናችሁ በፊት የቀደሙትን መዝገቦች ተመልከቱ።

«ዊግ» በሴቶች ስምም አለ። ሄድቪግ «ሃዱ» እና «ዊግ» ናት፤ ሁለቱም ጦርነት ማለት ነው! በፖላንድኛ ያድቪጋ ትባላለች። በ1384 በክራኮቭ «ንጉሥ» ተብላ ዘውድ የጫነችው ያድቪጋ የሃንጋሪው ንጉሥ የላዮሽ ልጅ ነበረች፤ አባትና ልጅ በስማቸው አንድ ቃል ይጋራሉ፣ በላዮሽ ላይ ግን ቃሉ ተበልቶ አልቋል።