ክርክር፦ የልጄን ምሳ ዕቃ የሚያዝበት ማነው?

ጠያቂዋ እናት፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። የምትውልበት መዋዕለ ሕፃናት አዲስ ደንብ አወጣ። ለስላሳ፣ የታሸገ ጁስ፣ ከረሜላ፣ ቺፕስ፣ ጣፋጭ ብስኩት፣ ሁሉም ክልክል። ጠዋት በር ላይ ምሳ ዕቃው ይከፈታል። ትናንት ብስኩቷን ወሰዱባት፤ እያለቀሰች ገባች። ደንቡን ጠልቼው አይደለም። ግን የልጄን ምግብ የምወስነው እኔ ነኝ ወይስ እነሱ? እስቲ ተከራከሩበት።

የኬጂ መምህርት፦ እኔ ደንቡን እደግፋለሁ። አንዱ ቸኮሌት ካወጣ የቀሩት ምሳቸውን ትተው እሱን ነው የሚያዩት። ስኳሩም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ብሏል። ለ4 ዓመት ልጅ ከ30 እስከ 35 ግራም ቢሆን ነው። አንድ ጣሳ ኮላ ብቻውን 35 ግራም ገደማ አለው። በአንድ ጣሳ የቀኑ አለቀ ማለት ነው።

አንድ አባት፦ ለስላሳውስ ይቅር። ጁስ ምን በደለ? ፍራፍሬ አይደለም እንዴ?

የኬጂ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ፍራፍሬውን ራሱን ይላኩለት። ሲጨመቅ አሰሩ ይጣላል፣ ስኳሩ ይቀራል። መመሪያውም የጁስን ስኳር ከተጨመረው ጋር ነው የሚቆጥረው። ሦስት ብርቱካን በአንዴ የሚጨርስ ልጅ አላየሁም። የሦስት ብርቱካን ጁስ ግን ጭልጥ ያደርጉታል።

ሥራ የሚያጣድፋት እናት፦ እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ 1 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። ብስኩት የምልከው ልጄን ጠልቼው ነው? ጤናማ የሚባለው ምግብ ሁሉ መታጠብ፣ መላጥ፣ መቆራረጥ ይፈልጋል። ከከለከሉ አይቀር ራሳቸው አብስለው ያቅርቡ። መከልከልማ ማን ያቅተዋል?

የኬጂ መምህርት፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። መልስ የለኝም።

አያት ነኝ፦ ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ምሳ ዕቃው ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ የልጅ ልጄን ሳመጣ የማየው ሌላ ነው። ጠዋት ወንበር ላይ አስቀምጬው እሄዳለሁ፣ ማታ እዚያው ወንበር ላይ አገኘዋለሁ። ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚሮጠው?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ አባቴ፣ ትልቁን ነገር እርስዎ ነኩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል። ከዚያ ውስጥ 60ው ልብ የሚያስመታ መሆን አለበት፤ ሩጫ፣ ዝላይ፣ መንጠላጠል። ስክሪን ላይ መቀመጥ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው። 180 ደቂቃው በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በቀኑ ውስጥ ተበታትኖ ነው። በር ላይ ብስኩት የሚለቅም ቤት ይሄንንስ ይቆጥራል?

የኬጂ መምህርት፦ አንዳንዱ አይቆጥርም፣ አልዋሽም። ግን ወላጅም አለበት። «ልጄ ለምን መጻፍ አልቻለም?» የሚለን ብዙ ነው። «ልጄ ስንት ደቂቃ ሮጠ?» ያለኝ አንድም ሰው የለም። ጉልበቱ ከተላጠ ግን ስልኬ አያርፍም። ባልደረቦቼም ደግሞ ልጅ ሲረብሽ ከጨዋታ ያስቀሩታል። ሰውነቱ አልቀመጥ ያለውን ልጅ በማስቀመጥ መቅጣት! እኔም ድሮ አድርጌዋለሁ።

አንድ አባት፦ ወደ ምግቡ እንመለስ። የእኔ ልጅ አትክልት ሲያይ ፊቱን ያዞራል። «ከጨረስክ ከረሜላ አለ» ስለው ይበላል። ይሄስ ጥፋት ነው?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ ለዛሬ ይሠራል፣ ለነገ ያበላሻል። ልጁ የሚማረው አትክልቱ ቅጣት፣ ከረሜላው ሽልማት መሆኑን ነው። አዲስ ምግብ ልጅ እስኪለምደው ከ10 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊፈልግ ይችላል። ብዙዎቻችን በ3ኛው ተስፋ እንቆርጣለን። ትንሽ አቅርቡለት፣ አብራችሁት ብሉ፣ ዝም በሉ። ዝምታው ነው ከባዱ። ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ምን፣ መቼ፣ የት እንደሚበላ የሚወስነው አዋቂው ነው። መብላት አለመብላቱንና መጠኑን የሚወስነው ልጁ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ «እኔ ወይስ እነሱ» ያልሽው ላይ ሦስተኛዋን ረስተሻታል። ሳህኗን ሳትጨርስ እንዳትነሳ የሚያስገድዳት መዋዕለ ሕፃናት ከሆነ እኔ የምጣላው በዚያ ነው።

ሥራ የሚያጣድፋት እናት፦ እናቴ «ጨርሺ!» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አሁንም ጠግቤ እበላለሁ። ነካኝ።

ጠያቂዋ እናት፦ እኔ ብስኩቱ ነበር ያናደደኝ፤ ወደ ሌላ ወሰዳችሁኝ። ለማንኛውም ነገ ሄጄ ሦስት ነገር እላቸዋለሁ። አንድ፣ የሚመለስ ነገር ካለ ለእኔ ይንገሩኝ እንጂ ልጅቷ ፊት አይንጠቁ። ሁለት፣ አልበላም ካለች አያስገድዷት። ሦስት፣ የቀኑን ፕሮግራም ያሳዩኝ፤ ስንት ደቂቃ ሜዳ እንደምትወጣ ልቁጠር። ብስኩቱን ትቻለሁ።

የኬጂ መምህርት፦ ጎበዝ! አራተኛም ጨምሪበት። ጉልበቷ ቢላጥ እንዳትደውዪ።