የቆሸሸ ሞተርን ያለ ኮምፕሬሰር ማጠብ

ጥያቄ፦ የአሮጌ ቶዮታ ኮሮላዬ ሞተር በዘይትና በአቧራ ስለተለበጠ ዘይቱ ከየት እንደሚያፈስ መለየት አልቻልኩም። ያለኝ ሁለት ባልዲ፣ ብሩሽና ነጭ ጋዝ ብቻ ነው። በቤንዚን ማጠብ ይቻላልን?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ቤንዚንን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ትነቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ይቀጣጠላል፣ ነጭ ጋዝ ግን በአብዛኛው ከ38 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ አይያያዝም። ስለዚህ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው፣ ዲናሞውን፣ ዲስትሪቢዩተሩን (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) እና የአየር ማስገቢያውን በላስቲክ ሸፍነው፣ የጋገረውን ቆሻሻ በእንጨት ይፋቁ። ከዚያም ነጭ ጋዙን በብሩሽ ቀብተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት፤ በመጨረሻም ኦሞ በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ ያጽዱት።

መልስ 2፦ ነጭ ጋዝ ጎማ ስለሚያበላሽ ቺንጋውን (የሞተሩን የጎማ ቀበቶ) እና የውሃ ቱቦዎቹን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ከነካም ወዲያውኑ በሳሙና ውሃ ይጠቡት። ደግሞም ከመኪናው ሥር ሰፊ ሳፋና ሰጋቱራ ያኑሩ፤ ያ ቅባት ወደ ጎረቤት ቦይ ሲወርድ ማየት ያሳዝነኛል።

መልስ 3፦ ሞተሩ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ነድተው ይመልከቱት። ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ነው፤ በእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ላይ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የላይኛውን የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ማሸጊያ) ነው።