ክርክር፦ ለሕፃን ስም ‘መፍጠር’ ልክ ነው?

ጠያቂው፣ ከአዲስ አበባ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ክርስትና ተነሳ። ወንድ ስለሆነ በ40 ቀኑ ነው። ስሙን የሠሩት ከአባቱ ስም መጀመሪያና ከእናቱ ስም መጨረሻ ቆርጠው ነው። ዳዊትና ቤተልሔም ተጋጥመው ‘ዳሔም’ እንደሚሆኑት በሉት። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ “ማን አላችሁት?” አለች። ነገሯት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች። ሦስተኛ ለመጠየቅ አፈረች መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ “ማሙሽ” ስትለው ዋለች።

እኔ አዝኛለሁ። አያት መጥራት ያቃታት ስም ለማን ነው የወጣው? በእኛ አገር እኮ ስም ዓረፍተ ነገር ነው። አንዳርጋቸው፣ ካሳሁን፣ ስንታየሁ፣ ብዙነሽ። ሰውየው ሲጠራ ቤቱ ምን እንዳሳለፈ ይሰማል። ‘ዳሔም’ ምን ይላል? እስቲ ሐሳባችሁን ስጡኝ።

አንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ከጠያቂው ጋር ነኝ። ዘንድሮ በአንድ ክፍል ሦስት ሶሊያና አለችኝ፤ ሦስቱም አጻጻፋቸው ይለያያል። አንዷ የክትባት ካርዷ ላይ ሌላ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ሌላ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ ከተጀመረ ከ2008 ወዲህ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ስም ልቀይር ብትል ፍርድ ቤት ያስኬድሃል። አበበና አበበች ላይ እኮ ማንም ተሳስቶ አያውቅም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ከስሙ ይታወቃል።

የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ አልስማማም። የእኔ ስም ‘ምትክ’ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ከእኔ በፊት የተወለደች እህቴ በሁለት ዓመቷ ሞታለች። እናቴ እኔን በጠራች ቁጥር እሷን ነው የምታስታውሰው። ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ስሰብር ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ስለ ብርጭቆው እንዳልሆነ ያኔም ገብቶኛል። “ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል። የእኔን ያወጣው ሐዘን ነው። አዎ፣ ስሜ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ ስለ እኔ አይደለም።

የመጨረሻ ልጄን ስወልድ ምንም ትርጉም የሌለው ስም አወጣሁላት። ድምፁ ደስ አለኝ፣ በቃ። ትርጉሙን ራሷ ትሥራው።

ከእስራኤል

እህቴ፣ የጻፍሽው ልቤን ነካው። እኔ በ1983 ቤተ እስራኤሎችን በአውሮፕላን ወደዚህ ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት አንዱ ነኝ። በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ነው የተጓዘው። ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪዋ አማርኛ ስሜ ከበዳት፤ ሌላ ስም ሰጠችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ይላል? እሺ አልኩ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ በአዲሱ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ ስም እየላኩ “በዕብራይስጥ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው አይደል?” ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ቃሉ ራሱ በዕብራይስጥ የለም። አዲስ ስም አልጠላም። የውሸት ትርጉም ሲለጠፍበት ግን ያመኛል። ናትናኤል በእርግጥ ‘እግዚአብሔር ሰጠ’ ማለት ነው። በግዕዝም ሀብት ስጦታ ነው። ሀብተማርያም ያሉት አያቶቻችን እኮ ይህንኑ ብለውታል።

ከዋሽንግተን

እዚህ ያለነው ችግራችን ሌላ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይዘን ነው የምንጓዘው። ኤርፖርት ላይ በየጊዜው “ልጁ የማን ነው?” እንባላለን። ለመጀመሪያው ስም ‘ጥ’ም ‘ጸ’ም የሌለበት፣ አጭር ነገር ሠራን። አያቱ በስልክ፣ አስተማሪው በክፍል እኩል እንዲጠሩት ብለን ነው።

ታሪክ ወዳድ፣ ከጎንደር

ስም መፍጠርን እንደ አዲስ በሽታ አትዩት። ካሳ በ1847 ሲነግሥ ቴዎድሮስ ተባለ፤ በዚያ ስም የሚነሣ ንጉሥ ሰላም ያመጣል የሚል ትንቢት ስለነበረ ነው። ሣህለ ማርያም ምኒልክ ሆነ። ከ1966 በኋላ አብዮት የተባሉ ልጆች ተወልደዋል። አዲስ አበባ ራሷ እቴጌ ጣይቱ ያወጡላት ስም ናት። ‘አንዳርጋቸው’ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣችው እናትስ? ጎረቤት “ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው?” ሳይላት አልቀረም።

እኔን የሚቆጨኝ ስም መፈጠሩ አይደለም፤ መፈጠሩ መቅረቱ ነው። ያቺ እናት ፊደል የማትቆጥር ብትሆንም ከገዛ ኑሮዋ አንድ ስም አውጥታለች። እኛ ስልክ ከፍተን ከዝርዝር እንመርጣለን። መምህር፣ ሦስቱ ሶሊያናዎችህ ከዚያ ነው የመጡት። የአዳማዋ እህታችን ግን በእኔ ዓይን ፈጥራለች። ልጇን ከሐዘን ነፃ ለማውጣት ብላ ነው፤ ይሄ ራሱ ታሪክ አለው።

ጠያቂው

የአዳማዋን እህት ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ‘ትርጉም የሌለው’ እያልኩ ስናደድ እንዲህ ያለ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብዬ አላሰብኩም። የእናቴ ነገር ግን አሁንም አልወጣልኝም።

ማታ እህቴ ጋ ደውዬ የወለደችበትን ሌሊት እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ዝናብ ነበር። መብራት ጠፍቷል። አንድ የላዳ ሹፌር ሆስፒታል በር ድረስ አድርሷት፣ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቁትም። ስታወራ ድምፅዋ ተቀየረ። ለምዝገባ ከተሰጠው 90 ቀን ውስጥ ገና ግማሹም አላለቀም። እናቴ ስልኩን ተቀብላ “ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር እያለ!” አለቻት።

ከዚያ ሌሊት ምን ስም ይወጣል? እስቲ ጻፉልኝ፣ አነብላቸዋለሁ።