ሃይብሪድ መኪና ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ የሚሰማው መንቀጥቀጥ፦ የቱ ጤናማ ነው?

ጥያቄ

ላለፉት አራት ዓመታት የምነዳው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተርና ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች ያሉት ሃይብሪድ መኪና ነው። ከሁለት ወር በፊት ድረስ የቤንዚን ሞተሩ መነሣቱንና መጥፋቱን የማውቀው ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ምልክት እንጂ በሰውነቴ ተሰምቶኝ አልነበረም። አሁን ግን ሁለት ነገሮች አስተውያለሁ። አንደኛው፣ ትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ ሞተሩ ሲጠፋም ሆነ ሲነሣ መቀመጫዬን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ይህን ብቻውን ቢሆን ችዬው እኖር ነበር። ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል፤ መኪናው አድሮ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩ ሲነሣ፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰከንድ ያህል መሪው እስኪንዘፈዘፍና ከማርሹ አጠገብ ያስቀመጥኳቸው ሳንቲሞች እስኪንኳኩ ድረስ ይርገፈገፋል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ይላል፤ ቀኑን ሙሉም አይደገምም።

አንድ ጋራዥ ካንዴላዎቹን በሙሉ ለውጦልኝ ምንም የተሻለ ነገር የለም። ሌላ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ሁሉ መቀየር አለባቸው ይላል። የዳሽቦርዱ የሞተር መብራት አልበራም። ከመንቀጥቀጡ የትኛው የመኪናው ተፈጥሮ ነው፣ የትኛውስ ብልሽት? ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ባረጋግጥ ትመክሩኛላችሁ?

የመጀመሪያ ምላሽ

ሁለቱን ለይተው መግለጽዎ መልካም ነው፤ ለእኔም አንድ ችግር አይመስሉኝም። መብራት ላይ ስለሚሰማዎት ልጀምር።

በተለመደው መኪና ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ 200 ወይም 300 ዙር ብቻ እያዞረ ነው ነዳጁ የሚቀጣጠለው። እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ያሉ፣ የሞተሩንና የኤሌክትሪኩን ኃይል በፕላኔታዊ ማርሽ (ትናንሽ ጥርሶች በአንድ መካከለኛ ጥርስ ዙሪያ በሚዞሩበት ማርሽ) የሚያገናኙ ሃይብሪዶች ግን ሞተሪኖ የላቸውም። ከሁለቱ ኤሌክትሪክ ሞተሮች አንዱ፣ ማለትም ሌላ ጊዜ ጄኔሬተር ሆኖ የሚሠራው፣ የቤንዚን ሞተሩን በቅጽበት ወደ 1000 ዙር ገደማ ካደረሰው በኋላ ነው ነዳጅ የሚረጨው። ይህ ጥድፊያ ያለ ምክንያት አልመጣም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ አየር ያምቃል፤ ስለዚህ በደቂቃ 300 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 10፣ 1000 ዙር ሲደርስ ደግሞ በሰከንድ 33 ገደማ ግፊት ይፈጥራል። ሞተር ማለት ጎማ ላይ የተቀመጠ ከባድ ብረት በመሆኑ የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ5 እስከ 20 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ግፊቱ ከዚያ ልክ ጋር በገጠመ ጊዜ፣ ዥዋዥዌ የሚጫወትን ልጅ ልክ ሲመለስ እንደ መግፋት ስለሚሆን ውዝዋዜው ያድጋል። መፍትሔው በዚያ ክልል ውስጥ አለመቆየት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሞተሩም ሮጦ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። ሲጠፋም እንዲሁ የአየር ማስገቢያው ይዘጋል፣ ጄኔሬተሩም ዘንጉን ይዞ ቶሎ ያቆመዋል። እንዲህ ባሉ ሞተሮች የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ ዘግይተው እንዲዘጉ መደረጋቸውም የሚታመቀው አየር እንዲያንስ ስለሚያደርግ ለመንቀጥቀጡ መቀነስ ያግዛል።

ስለዚህ አንዲት ቀላል ንቅናቄ የመኪናው ተፈጥሮ ናት። ቀድሞ ያልነበረች ከሆነ ግን ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ፤ ሞተሩን የሚሸከሙት ጎማዎች ደክመው ይሆናል፣ አለበለዚያም በሞተሩና በማርሽ ሳጥኑ መካከል፣ ፍሪሲዮን ይኖርበት በነበረው ቦታ የሚገኘው ባለ ሞላ ንዝረት ማርገቢያ ላልቶ ይሆናል። አንድ ነገር ይሞክሩ። ሞተሩ ሲነሣ አንድ ጊዜ ማርሹ «ፒ» ላይ ሆኖ፣ ሌላ ጊዜ «ዲ» ላይ ሆኖ ፍሬን ረግጠው ያዳምጡ። ጄኔሬተሩ ሞተሩን ሲያዞር መንገድ ላይ ወደሚሽከረከሩት የመኪናው ጎማዎች የሚሄድ የመልስ ኃይል ይፈጠራል። «ዲ» ላይ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ሞተር ያንን ኃይል ያመጣጥነዋል፤ «ፒ» ላይ ግን የሚሸከመው የማቆሚያው ጥርስ ስለሆነ ትንሽ የብረት ድምፅ ቢሰማ አይደንግጡ። በሁለቱም ላይ እኩል የሚያንቋቋ ከሆነ ማርገቢያውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሁለተኛ ምላሽ

በመካኒክነት የምሠራ ሰው ነኝ። ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ግን በጠዋቱ ላይ ማተኮር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እርሱ ነው ሞተር የሚያበላሽ።

ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የጭስ ማጣሪያውን ቶሎ ለማሞቅ ኮምፒውተሩ ካንዴላው ዘግይቶ እንዲለኩስ ስለሚያደርግ ድምፁ ከወትሮው መሻከሩ ያለ ነው። ይህ ግን ማጣሪያው እስኪሞቅ ይዘልቃል እንጂ በስድስት ሰከንድ ተቆርጦ አይቀርም። የእርስዎ ሞተር የሚያሳየው አንድ ሲሊንደር ለጥቂት ጊዜ ሳያቃጥል ቆይቶ በኋላ ወደ ሥራው መግባቱን ነው። እንግዲህ ሌሊቱን በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ምን ገባ ብለን መጠየቅ አለብን። የነዳጅ መርጫው እያንጠባጠበ ሊሆን ይችላል፤ በአየር ማስገቢያው ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ወይም ውኃ ሊሆንም ይችላል። እኔ ግን አስቀድሜ የምፈራው የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በላይኛው ክዳኑ (ቴስታታ) መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ በራዲያተሩ ፈሳሽ ላይ የቀረው ግፊት በጓርኒሲዮኑ ላይ በተከፈተች ቀጭን ስንጥቅ በኩል ፈሳሹን ጥቂት በጥቂት ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ጠዋት ያ ፈሳሽ ተንኖ እስኪወጣ ድረስ ሲሊንደሩ አያቃጥልም። ቀን ላይ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚነሣ ፈሳሽ ለመጠራቀም ጊዜ አያገኝም።

ሳይፈታ ማረጋገጥ ይቻላል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ አድሮ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በፈሳሹ ማጠራቀሚያ ላይ ከፍታው ያለበትን ቦታ በብዕር ያስምሩ፤ ሳይጨምሩ ለአንድ ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ይመልከቱ። የሞተሩ መብራት ባይበራም ኮምፒውተሩ ያልጸደቀ ኮድ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በመሣሪያ ያስነብቡት፤ ከ«ፒ 0301» እስከ «ፒ 0304» ያሉት የትኛው ሲሊንደር እንዳላቃጠለ ይናገራሉ። ከዚያ በፈሳሹ ላይ በፓምፕ ግፊት ሰጥቶ ማሳደርና ጠዋት በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ማየት ነው። ፈሳሹ ከጎደለ ግን እየሞሉ መንዳቱን አይቀጥሉበት። አየር ይታመቃል፣ ፈሳሽ አይታመቅም፤ ብዛት ያለው ፈሳሽ ሲሊንደር ውስጥ ባደረበት ጠዋት ኤሌክትሪክ ሞተሩ በኃይል ሲያዞረው ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ሊጣመም ይችላል።

ደግሞም፣ መኪናው ለጉዞ ዝግጁ በሆነበት ሁኔታ ኮፈኑን ከፍተው እጅዎን አያስገቡ። ጸጥ ማለቱ መጥፋቱን አያሳይም፤ ሞተሩ በራሱ ፈቃድ ሊነሣ ይችላል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶችም አይነካኩ።

ሦስተኛ ምላሽ

የተከበሩ መካኒክ፣ ትንሽ ልቃወምዎ። የእኔም ሃይብሪድ ጠዋት ጠዋት ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የተገኘው ግን የተቀደደ የሞተር ጎማ ነው። ጎማ በብርድ ይደርቃል፤ ስለዚህ ንዝረቱን ወደ አካሉ የማስተላለፉ ነገር ጠዋት ላይ ቢብስ የሚያስገርም አይደለም። ቴስታታ እስከ መፍታት የሚያደርስ ጥርጣሬ ከመነሻው ማንሣቱ ሰውን ያስደነግጣል።

የሁለተኛው መላሽ መልስ

የደረሰብዎትን አልጠራጠርም፤ በብርድ የደረቀ ጎማም እንዳሉት ያደርጋል። ነገር ግን ጎማ የሚለሰልሰው ሞተሩ ቀስ በቀስ ሲሞቅ ነው፤ መንቀጥቀጡም በደቂቃዎች ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ በስድስተኛው ሰከንድ ላይ በቢላ እንደ ተቆረጠ አይቆምም። ጠያቂያችን የሰጡን ሰከንድ ነው ወደዚህ የወሰደኝ። ፍቱት አላልኩም፤ አስምሩ፣ ኮዱን አንብቡ፣ እዩ ነው ያልኩት።

ከጠያቂው

ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ። በመኪናው ሥር አንዲት ጠብታ ባይታይም ፈሳሹ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ካሰመርኩት በታች አንድ ጣት ያህል ወርዶ አገኘሁት። ሲነበብም «ፒ 0302» ሳይጸድቅ ተቀምጦ ነበር። ግፊት ተሰጥቶት ካደረ በኋላ ጠዋት በካሜራው አብረን አየን፤ የሦስቱ ፒስተኖች አናት ጥቀርሻ ለብሷል፣ የሁለተኛው ግን እንደ ታጠበ ማንኪያ ያብለጨልጫል፣ ጠርዙም ላይ የፈሳሹ ቀለም ያለው ጠብታ ተቀምጦበታል። እንፋሎት እያጠበው እንደ ነበር መካኒኩ ነገረኝ። ቴስታታው ወርዶ አለመጣመሙ ተለክቶ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፤ በጥላሸት ተደፍኖ የነበረው የጭስ መላሽ ማቀዝቀዣም (ከፊሉ ጭስ ወደ ሞተሩ ከመመለሱ በፊት የሚበርድበት ክፍል) ተጸዳ። እነሆ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ጠዋት ሳንቲሞቹ ዝም ብለዋል።

መብራት ላይ የሚሰማው ንቅናቄ ግን አልጠፋም። ሁለተኛው ጋራዥ እንዳለው የሞተሩን ጎማዎች ሁሉ ላስቀይር?

የሁለተኛው መላሽ መልስ

ሁሉንም ከመቀየርዎ በፊት መኪናውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ይዩዋቸው። ብዙዎቹ በውስጣቸው ንዝረት የሚያበርድ ፈሳሽ አለባቸው፤ ፈሳሹ የወጣ እንደ ሆነ ከታች ጥቁርና እርጥብ ዱካ ይተዋል፣ ጎማውም ከጎረቤቱ ይልቅ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ከጠያቂው

አየሁት። በቀኝ በኩል ያለው ብቻ ነው የረጠበው፤ ሌሎቹ ደረቅ ናቸው። «ዲ» እና «ፒ» ላይ የተባለውንም ሞክሬ የሚያንቋቋ ድምፅ አልሰማሁም።

የሁለተኛው መላሽ መልስ

እንግዲያውስ ማርገቢያውን ይተዉት፤ ያንን አንዱን ብቻ ያስቀይሩ። ሲገጠም ብሎኖቹ መጀመሪያ ለዘብ ብለው ይያዙ፤ ሰዎቹ እጃቸውን ካነሡ በኋላ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ከጠፋና ክብደቱ በቦታው ካረፈ፣ መኪናውን አጥፍተው ያጥብቋቸው። ጎማው ተጣምሞ ከታሰረ አዲስም ሆኖ ያንኑ ንቅናቄ ያስተላልፋል።